«የለም» ብዬ የመለስኩላት ጥያቄ

ጥያቄዋ አጭር ነበረች። «በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ? ወይም የነበረበት?»

«የለም» አልኩ።

ዶክተሯ ቀና እንኳ አላለችም። ጻፈችውና አለፈች። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የምግብ ፍላጎትሽስ? እኔ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ቀርቻለሁ። ያስደነገጠኝ ከመዋሸቴ ይልቅ ፍጥነቴ ነው። ዕድሜዬን ብትጠይቀኝ እንኳ ትንሽ አስቤ ነው የምመልሰው። ይቺን ግን አፌ እኔን ሳያማክር መለሰላት።

የሄድኩት ለራሴ ጉዳይ ነው። ሦስት ወር ያህል ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ስልክ ሲጠራ አየዋለሁ፤ አላነሳውም። ፀጉሬን ልታጠብ ብዬ ሰኞ አስቤ ሐሙስ እታጠባለሁ። ሥራ ቦታ «ደህና ነሽ?» ሲሉኝ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። የሦስት ወር ጉንፋን። ዶክተሯ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ድባቴ ነው አለች፣ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ቀጠረችኝ። በነገርኳት ልክ ከሄድን አልተሳሳተችም። ስህተቱ የነገርኳት ላይ ነው።

ምክንያቱም ነበረ። አባቴ።

## በር የሌለው ወር

አባቴ አንዳንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ለሳምንታት። ምግብ ይገባለታል፣ እንዳለ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይተኛም። እየሳቀ ይመጣል፣ ያቅፈናል፣ ሥራ ይጀምራል። ብዙ ሥራ። አንዱንም አይጨርስም።

ያን ሌሊት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ፣ ቀስ ብሎ፣ ክርር… ክርር… የሚል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የመኝታ ቤታችንን በር ማጠፊያ በካቻቢቴ ይፈታል። ባትሪውን በጥርሱ ነክሷል። ሲያየኝ ባትሪውን ከአፉ አወጣና ፈገግ አለ። «ቀለም ልቀባቸው ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ጠዋት ስትነሱ ቤቱን አታውቁትም።»

እውነቱን ነው፣ አላወቅነውም። ስድስቱም በሮች ተነቅለው ሳሎን ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ብሎኖቹ በአንድ ኩባያ ተሰብስበዋል። በማግስቱ ቀለም ገዝቶ መጣ፤ ለሰፈር የሚበቃ ቀለም። አንዱን በር እስከ ግማሹ ቀባው። በሳምንቱ ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

በሮቹ ከወር በላይ እዚያው ቆሙ። መታጠቢያ ቤቱን እናቴ በአንሶላ ጋረደችው። የገባ ሰው ማንጎራጎር ነበረበት፤ ሰው እንዳለ እንዲታወቅ። እኔ እስከ ዛሬ መታጠቢያ ቤት ስገባ አንጎራጉራለሁ። (ይሄ በዘር ነው በአስተዳደግ? የዚህን እንኳ መልስ አውቀዋለሁ።)

እናቴ ለጎረቤት «ቤት እያደስን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የቤታችን ሆነ። «አባታችሁ እድሳት ላይ ነው» ካለች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገንም። እንግዳ አይጠራም። እኛም ሰው ቤት ሄደን አናወራም። የሕመሙን ስም ሳላውቅ የመደበቁን ሙያ ተክኜበት ነበር። ገመና ምን እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ከበር ፋንታ የተሰቀለው አንሶላ አስረድቶኛል።

ለዶክተሯ «የለም» ያላት አፍ የሠለጠነው ያኔ ነው።

## ቁርጥ አባቷን

ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ አገጬን ይይዝና «ቁርጥ አባቷን!» ይላል። ሙገሳ ነው። አባቴ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። የእናቴ ፊት ግን በዚያች ቅጽበት ሲለዋወጥ አያለሁ።

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ልብ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ልጓሙ አስተዳደግ መሆኑ ነው፤ የፈለግከውን ያህል ብትይዘው ዘር ወደ ራሱ ይጎትታል። ዞር ይልና ደግሞ «ፍየል መንታ ወልዳ አንዱ ለወናፍ አንዱ ለመጽሐፍ» ይላል። ከአንድ ማኅፀን፣ በአንድ ቀን ነው የወጡት። የአንዱ ቆዳ ብራና ሆኖ ይጻፍበታል፣ የሌላው እሳት ያናፋል። ልጅ ሆኜ ሁለተኛውን ተረት እወደው ነበር። ማታ ማታ ግን የማምነው የመጀመሪያውን ነው።

እናቴ በግልጽ «እንደ አባትሽ እንዳትሆኚ» ብላኝ አታውቅም። ማለትም አያስፈልጋትም። ጮክ ብዬ ከሳቅኩ ታየኛለች። አምሽቼ ካጠናሁ መጥታ መብራት ታጠፋብኛለች። ቀስ በቀስ እኔም ራሴን መጠበቅ ጀመርኩ። ደስ ሲለኝ «በዛ እንዴ?» እላለሁ። ሲከፋኝ «መጣ እንዴ?» እላለሁ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰዎች «ዝምተኛ ናት፣ ቁጥብ ናት፣ ጠባይዋ ነው» ይሉኛል። ጠባዬ ይሁን እንጃ። ስስቅ የሚያየኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይወጣኝ ነበር?

የሁለቱ ወገን ዘመዶች ደግሞ የማያልቅ ክርክር ነበራቸው። አባቴ ሲታመም የእሱ ወገኖች «በጭቅጭቅ ያሳበደችው እሷ ናት» ይላሉ። የእናቴ ወገኖች «ከዘሩ ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። አንዱ ወገን ኑሮን ይከሳል፣ ሌላው ደምን። የታመመውን ሰው የሚጠይቀው ጠፍቶ ሁሉም ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ ነው። ብዙ ዘግይቼ ስለዚህ ነገር ማንበብ ስጀምር የገረመኝ፣ የምሁራኑም ታሪክ ከሳሎናችን ብዙ የማይርቅ መሆኑ ነው።

የእናቴን ከሳሾች እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. አገኘኋቸው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የተባለች የአእምሮ ሐኪም ስኪዞፍሬኒያን፣ ሰውን ከእውነታ የሚያለያየውን ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የምታመጣ ዓይነት እናት አለች የሚል ሐሳብ አመጣች። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት በሐኪሞች ዘንድ ተሰሚ ነበር። ልጃቸው የታመመባቸው እናቶች መጽናናት ሲገባቸው ጥፋተኛ ተብለው ወጡ። በኋላ ማስረጃ ታጣለትና ተተወ። እነዚያን እናቶች ይቅርታ የጠየቃቸው መኖሩን ግን አላነበብኩም።

የአባቴን ከሳሾች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ አገኘኋቸው። «ተፈጥሮ» እና «አስተዳደግ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እያጣመረ ያስለመደው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን ነው፣ በ1870ዎቹ። በመንትዮች ላይ ማጥናትን የጀመረውም እሱ ነው። ያው ሰው በ1883 «ዩጀኒክስ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ ጥሩ ዘር ይብዛ፣ መጥፎው ይቅር የሚል ትምህርት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የናዚ መንግሥት በዘር ይተላለፋሉ ያላቸውን ሕመሞች ዘርዝሮ የታመሙትን የሚያመክን ሕግ አወጣ። ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ መከኑ። ዛሬ ባይፖላር የምንለው፣ ሰውን አንዴ ድባቴ ውስጥ የሚጥል አንዴ ያለ ልክ የሚያስፈነጥር ሕመምም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ያን ዝርዝር ካነበብኩ በኋላ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ተኛሁ። የዘመዶቻችን «ከዘሩ ነው» የሚል ሹክሹክታ አንድ አገር ሕግ ቢያደርገው ምን እንደሚመስል አየሁ።

## አራተኛው ብሎን

ወደ ራሴ ልመለስ። መድኃኒቱን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነቃሁ። ሌላ ቃል የለውም፤ ነቃሁ። ከደወሉ ቀድሜ እነሳለሁ። ፀጉሬን ታጠብኩ። ስልካቸውን ሳላነሳ ለከረምኩት ሰዎች በሙሉ በአንድ ቀን ደወልኩላቸው። እናቴ ድምፄን ሰምታ ትንሽ ዝም አለች። «ደህና ነሽ ግን?» አለችኝ። «እማዬ፣ እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም!» አልኳት። ዝምታዋን ልብ አላልኩትም።

ሦስት ሰዓት ተኝቼ እነሳለሁ፤ አይደክመኝም። ሐሳብ በሐሳብ ላይ ይመጣል። ሥራ ቦታ ማንም ያልጠየቀኝን የሃያ ገጽ ዕቅድ ጻፍኩ። በቅርቡ መልሼ አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች መጥፎ አይደሉም። የቀረው ይቅር።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቁም ሳጥኔ በር ያስጨንቀኝ ጀመር። ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ሁልጊዜም ሲጢጥ ይል ነበር። ያን ሌሊት ግን ነገ የሚባል ነገር አልታይ አለኝ። አሁኑኑ ተነቅሎ፣ ተስተካክሎ፣ ለምን ቀለሙስ አይቀየርም? ካቻቢቴ ፈልጌ አገኘሁ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የስልኬን መብራት በአገጬና በትከሻዬ መሃል አጣበቅኩት። አንድ ብሎን። ሁለት። ሦስት። ኩባያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አራተኛው ዝጓል። ገፋ አድርጌ ሳዞረው ክርር አለ።

ድምፁን አወቅሁት።

ያን ያህል ዘመን ስሸሸው የኖርኩት ሰው እዚያው በእኔ ቦታ ቁጭ ብሏል። እጄን አየሁት። ከዚያ ኩባያውን አየሁት፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ኩባያው ነው። አባቴ «ብሎን በኩባያ ይሰበሰባል» ብሎ አላስተማረኝም። ወይስ አስተምሮኛል? ያ ሌሊት ትምህርት ነበር? እዚህ መሬት ላይ ያስቀመጠኝ ከሱ የወረስኩት ደም ነው? በአሥራ አንድ ዓመቴ ያየሁት ነገር ነው? ወይስ ሦስት ሳምንት የዋጥኩት ኪኒን? ማናቸውንም ከማናቸው መለየት አልቻልኩም። እስኪነጋ እዚያው ተቀመጥኩ። በሩ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ደጅ ነበርኩ። ቀጠሮዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል።

«ዶክተር፣ ባለፈው ዋሽቼዎታለሁ።»

አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ማድረጓን እስከ ዛሬ እወድላታለሁ። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። ሳይተኙ ስንት ቀን ይቆዩ ነበር? ንግግራቸው ይፈጥን ነበር? ገንዘብ ያለ ልክ ያወጡ ነበር? ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ? በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ በሮቹ ለሰው ተናገርኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በመሃል ደግሞ እያወራሁ ያለሁት በጣም ፈጥኜ እንደሆነ ከፊቷ ላይ አነበብኩ።

«አባትሽን አላየኋቸውም። ላላየሁት ሰው የበሽታ ስም አልሰጥም» አለችኝ። «ግን ይህን ባውቅ ኖሮ ያንን መድኃኒት ብቻውን አልጀምርልሽም ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ሲወድቅ ነው። ሲበርማ ማን ሐኪም ይፈልጋል? ስለዚህ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ድባቴው ብቻ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው አንዳንዴ ከጉድጓዱ አውጥቶ እዚያ ላይ አያቆመውም፤ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ እንዲጠረጥር ከሚረዱት ፍንጮች አንዷ ያቺ አጭር ጥያቄ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ስለ ራስ በሽታ ይመስለኝ ነበር። የአባትን መደበቅም ያው ነው ለካ።

መድኃኒቱን ቀየረችው። ባይፖላር ነው ለማለት አልቸኮለችም፤ እየተከታተልን ነው። ከዚያ ፋይሌ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አንገቴን አስግጌ ለማየት ሞከርኩ። አንድ መስመር ናት። ስድስት በሮች፣ የእናቴ አንሶላ፣ የሁለት ወገን ዘመድ ክርክር፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ምስጢር፣ አንድ መስመር። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና «እንቅልፍሽስ?» አለችኝ።

ሕይወቴን ሙሉ እንደ ሞት ፍርድ ስፈራው የኖርኩት ነገር እሷ ዘንድ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት በፊት የሚሞላ መረጃ ነው። እዚያ ወንበር ላይ እንዳለሁ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

## ከመቶ ስንት?

ስረጋጋ ለወንድሜ ደወልኩለት። በአምስት ዓመት ነው የምበልጠው። «ስለ አባዬ ለሐኪም ነገርኩ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«የቱን? በሮቹን?» አለና ሳቀ። «እንዴ፣ ያ ወር እኮ ምርጥ ወር ነበር! ብስክሌቴን ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ሳልወርድ ነበር የምነዳው።»

ስልኩን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ቤት። አንድ አባት። አንድ ወር። እኔ በር በሌለው ክፍል ተኝቼ የአባቴን እርምጃ እየቆጠርኩ የማድር ልጅ ነበርኩ። እሱ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በር የሚያቆመው ብስክሌት አልነበረም።

ተመራማሪዎቹ ሮበርት ፕሎሚንና ዴኒዝ ዳንኤልስ በ1987 ያነሱት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የአንድ ቤት ልጆች ለምንድነው እንዲህ የሚለያዩት? መልሳቸው ብዙ ሰው አስገርሟል። በስብዕና በኩል ወንድማማቾችን የሚያመሳስላቸው በዋናነት ዘር ነው። ኑሮ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው እነሱን ሲያለያይ ነው። አንድ ቤት ሲባል ከውጭ ስናየው ነው አንድ የሚሆነው። የበኩር ልጅ የሚኖርበት ቤትና የታናሹ ቤት የተለያዩ ናቸው። እናቴ እኔ ስስቅ ታየኝ ነበር አላልኩም? ወንድሜ ሲስቅ አብራው ትስቅ ነበር። እሱ ቁርጥ እሷን ነዋ።

ከሳቁ በኋላ ዝም አለ። ከዚያ የምፈራውን ጠየቀኝ። «ለእኔስ? ማለቴ… ከመቶ ስንቱ ዘር ነው?»

ያነበብኩትን ነገርኩት። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በሃምሳ ዓመት ውስጥ የተደረጉ የመንትያ ጥናቶችን በሙሉ ሰብስቦ ነበር፤ ከ14 ሚሊዮን በላይ ጥንድ መንትዮች። ቁመቱንም፣ ጠባዩንም፣ ሕመሙንም አንድ ላይ አድርጎ ሲደምር በሰዎች መሃል ካለው ልዩነት በአማካይ 49 በመቶው ከዘር ይመነጫል አለ። ስብዕና እዚያው አካባቢ ነው፣ ግማሽ ገደማ። ድባቴ ዝቅ ይላል፣ ወደ 37 በመቶ። ባይፖላር ከፍ ይላል፤ ከ60 እስከ 85 በመቶ ይባላል።

«ሰማንያ አምስት!» አለ። ድምፁ ተቀየረ።

እኔም መጀመሪያ ሳየው እንደሱ ነበር የሆንኩት። ግን ሌላ ቁጥር አለ። ወላጁ ባይፖላር ከሆነ ልጅ ላይ የመታየት ዕድሉ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ገደማ ነው። ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ አልዋሽህም። ግን ከአሥሩ ዘጠኙ አይታመሙም ማለትም ነው። ዘራቸው አንድ ዓይነት በሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው የሚታመመው ከመቶ ከ40 እስከ 70 በሚሆኑት ላይ ነው። ዘር ብቻውን ቢሆን መቶ ነበር የሚሆነው።

«ታዲያ ሰማንያ አምስቱ ምንድነው?»

ይቺ ናት ብዙ ሰው የሚሳሳትባት። 85 በመቶ ሲባል የአንድ ሰው ሕመም ተቆራርሶ 85ቱ ከአባት፣ 15ቱ ከኑሮ መጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አያወራም። የኑሮው ሁኔታ ከተለወጠም ይለወጣል። ሁሉም ልጅ በአንድ ዓይነት ቤት፣ በአንድ ዓይነት እጅ ቢያድግ የሚቀረው ልዩነት በሙሉ የዘር ይሆን ነበር፤ አስተዳደግ ዋጋ ስላጣ ሳይሆን ልዩነት ስላልፈጠረ ብቻ። ቁመትን እንይ። በደንብ በሚመገብ ሕዝብ ውስጥ የቁመት ልዩነት 80 በመቶ ገደማው የዘር ነው። ያው ቁመት ግን ባለፉት መቶ ዓመታት በብዙ አገሮች በአማካይ በብዙ ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ዘሩ በመቶ ዓመት አልተቀየረም። የተቀየረው ምግቡና ጤናው ነው።

ዶናልድ ሄብ የተባለ የሥነ ልቦና ሰው ለስብዕና የሚበልጠው ተፈጥሮ ነው አስተዳደግ ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ለአራት ማዕዘን ስፋት የሚበልጠው ርዝመቱ ነው ወይስ ወርዱ?» ብሎ መለሰ ይባላል። ለወንድሜ በበር ነገርኩት። «የአንድ በር ስፋት ስንቱ ከቁመቱ ነው፣ ስንቱ ከወርዱ?»

«በር በር አታብዢብኝ» አለኝ። ልክ ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም፤ ስላፈርኩ። ማንበብ እንደጀመርኩ ሰሞን በ2003 የወጣ አንድ ዝነኛ ጥናት አግኝቼ ነበር። ሴሮቶኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘች አንዲት ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የምትወረስ የዘር ቅንጣት፣ አለች፤ አጭሯን ዓይነት የወረሰ ሰው መከራ ሲደርስበት በድባቴ ይጠቃል፣ ረጅሟን የወረሰ ግን ይችለዋል የሚል። እንዴት ደስ የሚል ታሪክ! ዘርም አለ፣ ኑሮም አለ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ለአንድ ሳምንት ያገኘሁትን ሁሉ ስሰብክበት ሰነበትኩ። ከዚያ በ2019 በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተፈትሾ ምንም እንዳልተገኘለት አነበብኩ። የድባቴ ጂን የምትባል አንዲት ነገር የለችም። ለባይፖላርም እንዲሁ ነው። በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ 64 ቦታዎችን በዘረመላችን ላይ አገኘ። እያንዳንዷ የምትጨምረው እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው። ሌሎች ገና ያልተገኙ ብዙ አሉ። አባቴ ያወረሰኝ ነገር ካለ እንደ ቤት ቁልፍ አንድ ላይ ያስረከበኝ አይደለም፤ ስንጥር ስንጥር አድርጎ ነው። ከእናቴም የመጣ ስንጥር አይጠፋም። ይህንን ለዘመዶቻችን ማን በነገረልኝ!

ከኑሮ በኩል ደግሞ ለእኔ ትልቁ ግኝት አሰልቺ ነው። እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ዶክተሯ ከመድኃኒቱ እኩል የምትጨቀጭቀኝ በዚህ ነው። በአንድ ሰዓት ተኚ፣ በአንድ ሰዓት ተነሺ፣ በዓልም ይሁን ሐዘን። አስተዳደግ ሲባል በልጅነት ጀምሮ በልጅነት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በሠላሳ አራት ዓመቴ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ራሴን እንደ ሕፃን አልጋ ውስጥ አስገባለሁ። እናቴ መብራት ታጠፋብኝ የነበረው በፍርሃት ነው። ሳታውቀው ግን ትክክለኛውን መድኃኒት ነበር የያዘችው። ይህን ሳስብ ተናድጄባት የኖርኩበት አንድ ነገር ላላ ይላል። ሁሉም ግን አይደለም።

## እድሳት

ለእናቴ ለመንገር አንድ ወር ፈጀብኝ። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልብሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሎ አለ፤ አላወጣችውም።

«እማዬ፣ ስለ አባዬ ለሐኪም ነገርኩ።»

የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ምን ብለሽ?»

«ሁሉንም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለሚተኛው። ስለማይተኛውም። ስለ በሮቹ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔ ዝምታዋን እንደ ድሮው ወቀሳ አድርጌ እየቆጠርኩ ነበር። ምን ልበላት እያልኩ ሰበብ እፈልጋለሁ፤ መድኃኒቱ ነው፣ ግዴታ ነው፣ ሐኪሟ ምስጢር ትጠብቃለች።

«ሁሉንም ብለሽ ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በሮቹን መልሶ የገጠማቸው እሱ ራሱ እንደሆነስ?»

አላስታውስም ነበር። እናቴ ነገረችኝ። ሲሻለው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ብቻውን ስድስቱንም አንድ በአንድ ገጠማቸው። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ከኩባያው ብሎን እያወጣሁ አቀብለው ነበር። እሱ እየሠራ ያንጎራጉር ነበር።

«አልነገርኳትም» አልኳት። «አልጠየቀችኝም።»

ልብሱን አንስታ ማጠፍ ቀጠለች። «በሚቀጥለው ቀጠሮሽ እሱንም ንገሪያት።»